ስለ ኮዮቴ የተጻፈ ምክር ለወሎ ጅብ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ቅዳሜና እሑድን ጠብቀው ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ሐይቅና ወደ ሐርዲቦ ዳርቻ እየወጡ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ ወጣቶች አሉ። እሰየው የሚያሰኝ ነው። ከነሱም ውሻቸውን የሚያስከትሉ አሉ፤ አልፎ አልፎም ድመት። ጥንቃቄውን ግን የሚማሩት በስልካቸው ከሚያገኙት፣ ለሌላ አገር ከተዘጋጀ ምክር ነው። እኛ በወሎ በእንስሳት ሕክምናና በመንገድ መሪነት የምንሠራ ሰዎች ነገሩ ስላሳሰበን ዋና ዋናውን ጽፈን ልከናል። ቦታ ከተገኘለት ከዐቢይ ጾም በፊት እንዲወጣልን እንለምናለን፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንደርስበታለን።

በብዛት የሚነበበው ምክር ስለ ኮዮቴ የተጻፈ ነው። ኮዮቴ በሰሜን አሜሪካ የሚኖር፣ ከ8 እስከ 20 ኪሎ የሚመዝን፣ ቀበሮ መሰል አውሬ ነው። ሰው በማይበዛበት የባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ሌሊት በአሸዋው ላይ እየዞረ ማዕበል የተፋውን ዓሣና የካምፕ ትራፊ ይለቅማል። ድመትና ትንንሽ ውሻ ይወስዳል። ሰው ቆሞ እጁን ዘርግቶ ሲጮህበትና ድንጋይ ሲወረውርበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። ስለዚህ እዚያ ያለው ሰው ትንሹን ውሻ አጥብቆ ይጠብቃል፤ ስለ ትልቁ ውሻ ብዙም አይጨነቅም። ለቦታው ትክክል ነው።

በእኛ አገር ኮዮቴን የሚመስለው ተራው ቀበሮ ነው፤ ተመራማሪዎች በዘር ምርመራ ከወርቃማው ቀበሮ ለይተው እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የአፍሪካ ተኩላ የሚሉት። ከ7 እስከ 15 ኪሎ ቢመዝን ነው። የኮዮቴው ምክር ለእሱ ይሠራል። በሐይቅ ዳር ሌሊቱን የሚገዛው ግን ቀበሮ አይደለም፤ ጅብ ነው። የእኛ ጅብ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል፣ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፣ መንጋጋቸው የበሬ ቅልጥም ይሰብራል፤ ሲመጡም ብቻቸውን ላይመጡ ይችላሉ። ለጅብ ጥቁርና ግዙፉ የጥበቃ ውሻ ከትንሿ ቡችላ የሚለየው በሥጋው ብዛት ብቻ ነው። «ውሻዬ ትልቅ ነው፣ እኔንም ይጠብቀኛል» ብሎ ደጅ አስሮ የሚተኛ ሰው ውሻውን ለጅብ አዘጋጅቶ እንደማቅረብ ይቁጠረው። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፣ መጮኹ ደግሞ ያለበትን ቦታ ይናገራል።

እንግዲህ የሌሊቱ ዋና ሕግ አንድ ነው፦ ውሻው ከድንኳኑ ውስጥ፣ ከባለቤቱ ክንድ ሳይርቅ ያድራል። ይህ ካልተቻለ፣ ድንኳኑ ጠባብ ከሆነ ወይም አብሮ የሚተኛ ሰው ካልፈለገ፣ ውሻው ቤት ይቅር። መኪና ውስጥ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፍቶ ማሳደር ይቻላል፤ ያም ሌሊት ብቻ ነው፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ መኪናው ምድጃ ይሆናል።

ድንኳን ውስጥ የሚያድረውም ውሻ ሾልኮ እንዳይወጣ ይታሰራል፤ አስተሳሰሩም ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የአንገት ማሰሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ውሻ ሲደነግጥ ወደፊት አይጎትትም፣ ወደኋላ ያፈገፍጋል፣ ያን ጊዜ ማሰሪያው በጆሮው ላይ ሾልኮ ይወልቃል። ደረቱንና ትከሻውን አቅፎ የሚይዝ መታጠቂያ ይሻላል። ከቆዳ ጠፍር የሚሠራ ሰው ሊያዘጋጀው ይችላል፤ ልኩ በማሰሪያውና በገላው መካከል ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። የናይለን ገመድ ውሻ በደቂቃዎች ያኝከዋል። ስለዚህ ከመታጠቂያው የሚነሳው የመጀመሪያው ክፍል አንድ ሜትር ያህል ሰንሰለት፣ ቀሪው ገመድ ይሁን። ጫፉን ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር አታስሩት፤ ውሻው ሲወረወር ድንኳኑን በላያችሁ ላይ ይንደዋል፣ በጨለማ ሸራ ውስጥ ተጠቅልሎ ከመያዝ የከፋ ነገር የለም። ክንድ ተኩል የሚሆን የብረት ካስማ ከድንኳኑ ወለል አጠገብ፣ አናቱን ከውሻው በተቃራኒ አጋድሞ መሬት መምታትና እዚያ ላይ ማሰር ይበጃል። የሐይቁ ዳር መሬት እርጥብና ለስላሳ ከሆነ ካስማ አይዝም፤ ያን ጊዜ ድንጋይ የሞላበት ጆንያ ቀብሮ በእሱ ላይ ማሰር ነው።

«ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ ድንኳን ውስጥ ያለ ውሻ ግን ከመጮኹ በፊት ይናገራል፣ የሚያየው ሰው ካለ። መጀመሪያ ጆሮው ወደ አንድ አቅጣጫ ይቀጥና ማለክለኩን ያቆማል። ከዚያ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ሥር ያለው ፀጉር ይቆማል፤ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ብሩሽ ይሻክራል። ጅቡ ከቀረበ አንዳንዱ ውሻ ያጉረመርማል፣ አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ሰው ይጠጋና ይንቀጠቀጣል። ይህን ያየ ሰው መታጠቂያውን በእጁ ይያዝ፣ የድንኳኑን ዚፕ ግን አይክፈት። ውሻ የሚጠፋው በዚህች ቅጽበት ነው። ባለቤቱ «ምን መጣ?» ብሎ ዚፑን እስከ ጉልበቱ ሲከፍት ውሻው በእግሩ ሥር ሾልኮ ጨለማ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀበሮ አይቶ ያባርራል፤ ቀበሮው ወደ ጓደኞቹ ይሸሻል፣ ውሻው ብቻውን ሁለትና ሦስት መሀል ይገኛል። ብዙ ሰው ቀበሮም ሆነ ኮዮቴ ውሻን «አታሎ ይወስዳል» ይላል፤ ማታለል አይደለም፣ የሸሸ አውሬ ወደ ወገኖቹ መሮጡ ነው፣ የውሻው ስህተት መከተሉ ነው።

ዚፑን ሳይከፍቱ በመረቡ በኩል ባትሪ ማብራት፣ ፉጨት መንፋት፣ ድስት መምታት ይቻላል። ደጅ መውጣት ግድ ከሆነ ሁለት ሰው አብሮ ይውጣ፣ ውሻው ውስጥ ይቅር። ጅብ ፊት ለፊት ከተገኘ መሮጥ አይገባም፤ ፊትን ሳያዞሩ፣ ብርሃኑን ዓይኑ ላይ እንዳደረጉ፣ በቀስታ ወደኋላ ማፈግፈግ ነው። የእኛ አገር እረኛ ከውጭ ከሚመጣው የጋዝ ጡሩምባ የማያንሱ ሁለት ነገሮች አሉት፤ ጅራፍና ወንጭፍ። የጅራፍ ጩኸት ሌሊት ሩቅ ይሰማል። ወንጭፍ ግን በጨለማ ያላወቀበት ሰው የጓደኛውን ራስ ሊመታ ስለሚችል ለለመደው ይተው።

ከመተኛት በፊት ያለው ሰዓት ሌሊቱን ይወስናል። ውሻው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይብላ፤ እንዲያ ከሆነ ከመምሸቱ በፊት ይጸዳዳል፣ ሌሊት አውጡኝ ብሎ አያስቸግርም። ከ12 ሰዓት በኋላ ያለ ገመድ አይለቀቅ። ድንኳኑ ከውኃው ጫፍ ቢያንስ ሰባ እርምጃ ይራቅ፤ ቀበሮም ጅብም ከብትም ለመጠጣት የሚወርዱበት የተረገጠ መንገድ ዳር ላይ መትከል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። መንገዱ በዱካውና በከብት እበቱ ይታወቃል።

ምግብ የሚበስለው ከሚተኛበት መቶ እርምጃ ርቆ፣ ነፋሱ ሽታውን ከድንኳኑ በሚያርቅበት በኩል ነው። ሐይቅ ላይ ቆሮሶ ገዝቶ መጥበስ የተለመደ ነው፤ ደስም ይላል። የዓሣውን ሆድ ዕቃ መቅበር ግን ዋጋ የለውም። ጅብ ጉልበት ልክ የተቀበረውን ይቆፍራል፤ ሐይቁ ላይ ሲጥሉት ደግሞ ነፋሱ መልሶ ዳር ያወጣዋል። ክዳኑ በሚጠመዘዝ ባልዲ ዘግቶ መኪና ውስጥ አስቀምጦ ጠዋት ይዞ መመለስ ነው። በግ ያረዱም እንደዚሁ። በተለይ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር ይቁም። በእንስሳው ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት በውሻ ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ ዕንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሰው እጅ ይመጣል፣ በሰው ጉበት ላይም ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። በተለይ ለውሻ እየተጫወቱ እጃቸውን ለሚያስልሱ ልጆች እንሰጋለን።

ሐረር ላይ ጅብ በእጅ ይመገባል ብለው ለመሞከር የሚያስቡ ካሉ ተዉት እንላለን። የሐረሩ ልማድ ጅቦቹን ለይቶ የሚያውቅ፣ በየቀኑ በአንድ ቦታ የሚገኝ ሰው ሥራ ነው። ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት ሥጋ የቀመሰ ጅብ በማግስቱ የሚመጣው ያን ሥጋ ወደሰጠው ሰው አይደለም፤ ወደ ቀጣዩ ድንኳንና ወደ ገበሬው ጉረኖ ነው።

አሁን ስለ ጾሙ። በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስቦ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መርምሯል። በጾሙ 55 ቀን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና የሚጣል አጥንት ሲጠፋ ጅቡ በሕይወት ወዳለ እንስሳ፣ በተለይም ወደ አህያ፣ ፊቱን አዙሮ ተገኘ። ወሎ ሁለቱ እምነቶች አብረው የሚኖሩበት አገር ስለሆነ የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ይሆናል፤ ስለዚህ በከተሞች ዙሪያ ለውጡ ይቀንሳል ብለን እንገምታለን። ነዋሪው በብዛት በሚጾምበት ገጠር ግን እንስሳ ይዞ ደጅ ማደር በሌላ ጊዜ ካለው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የጭነት አህያ ወይም በቅሎ ይዛችሁ ከሆነ ከገበሬ ጋጣ ተከራዩ። ጋጣ ካልተገኘ የእሾህ አጥር ይታጠራል፤ ቁመቱ የሰው ደረት የሚደርስ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር ያህል፣ የግራሩ ግንድ ወደ ውስጥ፣ እሾሃማው ቅርንጫፍ ወደ ውጭ። ግንዱ ውጭ ከሆነ ጅብ በጥርሱ ነክሶ ይጎትተዋል። ከሥር ክፍተት ይቀር እንደሆነ በድንጋይ ይደፈን። ለዚህ ሲባል የቆመ ዛፍ አይቆረጥም፤ ቀድሞ የተቆረጠ እሾህ ከገበሬው በገንዘብ ይገኛል።

ስለ ሰዎቹም አንድ ነገር። ወሎ እንግዳ መቀበል ያውቅበታል፤ መንገደኛ «አረህቡ» ሲባል ጫማውን አውልቆ ይገባል። ውሻው ግን አይገባም። በብዙ ሙስሊም ቤት ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ ይኖርበታል፤ የውሻ ምራቅ የነካው ልብስም ለሶላት ያስቸግራል። ስለዚህ ለውሻው የራሱ ሳሕን ይኑረው፣ ከሰው ጣሳ ውኃ አይጠጣ፣ ደጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ታስሮ ከጓደኞቹ አንዱ አብሮት ይቀመጥ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ውሻ የሚገባበት ቦታ አይደለም፤ ከበሩ ርቆ የሚጠብቅ ሰው ሳይመድቡ ወደዚያ ማምራት ነውር ነው።

ወደ ክትባቱ እንምጣ፤ ከጅቡ የበለጠ ሰው የሚገድለው እሱ ያልተደረገለት ውሻ ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገማል። የመጀመሪያው ክትባት ሰውነቱ ውስጥ እስኪሠራ አራት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ ሐሙስ ከትቦ ቅዳሜ መውጣት ማታለያ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ብልቃጡን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በኪስ ይዞ፣ ሰፈር ውስጥ መርፌ ለሚወጋ ሰው መስጠት ውኃ እንደማስወጋት ነው። ክሊኒክ ወስዳችሁ ከበረዶ ሣጥን ሲወጣ እዩ፣ የብልቃጡን ቁጥርም ካርዱ ላይ አስጽፉ።

ሰው ከተነከሰ፣ ወይም የአውሬ ወይም የማይታወቅ ውሻ ምራቅ ቁስሉን ከነካው፣ በዚያው ሰዓት ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። ለድንኳን የሚያዘው ጀሪካን ሃያ ሊትር ይሁን የምንለው ለዚህም ነው። ቁስሉ አይሰፋ፣ በርበሬም ቅጠልም አይደረግበት፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይደረስ። የዘመኑ ክትባት ብዙውን ጊዜ በ0፣ በ3፣ በ7ና በ14ኛው ቀን ይሰጣል፤ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ፊትና ጣት ላይ ከሆነ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት አለ። ጠበሉም ዱዓውም ከዚህ ጋር ይሁን፤ መርፌውን ግን አያዘግይ። የነከሰው የታወቀ ውሻ ከሆነ አይገደል፤ ታስሮ አሥር ቀን ይታይ። የተነከሰው የእናንተው የተከተበ ውሻ ከሆነ ጓንት አድርጋችሁ ቁስሉን እጠቡ፣ ክትባቱ ወዲያው ይደገም፣ 45 ቀን ከሰውና ከእንስሳ ተለይቶ ይጠበቅ። ያልተከተበ ከነበረ ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ለወራት ለብቻው መዝጋት ወይም በሐኪም እጅ ማስወገድ ነው ምርጫው።

አልቅትም አለ። ቀስ ብሎ ከሚፈስ ምንጭ ወይም ከኩሬ የጠጣ ውሻ ከጥቂት ቀን በኋላ በአንዱ አፍንጫው ደም ካፈሰሰ፣ ካስነጠሰና ራሱን ካራገፈ አልቅት አፍንጫው ውስጥ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ውሻውን ለጥቂት ሰዓት ውኃ ከልክሎ ከዚያ ንጹሕ ውኃ በሰፊ ሳሕን ማቅረብ ነው፤ አልቅቱ ውኃውን ሲሰማ ጫፉን ያወጣል። በጨርቅ ይዞ በዝግታ መሳብ እንጂ መቀንጠስ አይገባም፤ የአልቅቱ አፍ ውስጥ ይቀራልና።

እስካሁን ያልነው ለሐይቅና ለሐርዲቦ፣ ለቆላውና ለወይና ደጋው ነው። ለውርጩ አገር ግን ምክራችን አጭርና የማይለወጥ ነው። ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ወደ ቦረና ሳይንት፣ ቀይ ቀበሮ ወዳለበት ጓሳ ሁሉ ውሻ አይውጣ፤ የተከተበም ቢሆን፣ በሰንሰለትም ቢሆን። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ ያለ፣ ለአቅመ ዘር የደረሱት ከ500 የማይበልጡ እንስሳ ነው። ቀን ቀን ፍልፈልና አይጥ የሚያድን፣ ለድንኳንም ለውሻም የማያሰጋ ነው። አደጋው ከእኛ ወደ እሱ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል፤ ከዚያ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2015 ዲስተምፐር የተባለው የውሻ በሽታ እዚያው ገብቷል። ሁለቱም ምንጫቸው ውሻ ነው። በከተማችን የሚሰጠው የእብድ ውሻ ክትባት ዲስተምፐርን አይከላከልም፤ ውሻችሁ «ተከትቧል» ሲባል ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማለት ሊሆን ይችላል። ባሌን የመሰለ ሰፊ ቦታ ጉዳቱን በዓመታት ይተካ ይሆናል። የወሎዎቹ ግን እርስ በርስ በእርሻ በተለያዩ ጥቂት ኮረብታዎች ላይ የቀሩ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ እዚያ አንድ ወረርሽኝ ቢገባ ከየት መጥቶ ይተካቸዋል?

ለወረዳና ለዞን የእንስሳት ጤና ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለን። ሐይቅ ከተማ መግቢያ ላይ፣ መኪና የሚቆምበት አካባቢ፣ አንድ ሰሌዳ ይተከል። በዚያ ሳምንት የሰው የእብድ ውሻ ክትባት በየትኛው ጤና ተቋም እንዳለ፣ የውሻ ክትባት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥና ሌሊት የሚደወልበት ስልክ ይጻፍበት። ክትባት አንድ ሳምንት እዚህ ተገኝቶ በሌላው ሳምንት ደሴ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሰሌዳው በቀለም ሳይሆን በጠመኔ የሚጻፍበት ይሁን፣ በየሰኞውም የሚያድሰው ሰው ይመደብ።

ከአክብሮት ጋር፤
በወሎ የምንሠራ የእንስሳት ሐኪሞችና መንገድ መሪዎች
ደሴ